የሸበተው ሸማ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ መንገዱን ብታውቁትም ጭሱ አያሳልፋችሁም። በዙሪያው ተራራ የከበበው ጎድጓዳ ሸለቆ ነው። ነፋስ በአንዲት ጠባብ በር ይገባና መውጫው ጠፍቶት እዚያው ሲዞር ይውላል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ቤተ መንግሥት፣ አርባ አንድ የኖራ እቶን፣ ቁጥሩን ማንም በትክክል የማያውቀው ሕዝብም ይኖራል። እቶኑ በየዓመቱ ይቆጠራል። ሰው ግን ሲወለድ እንጂ ሲቀበር ስለማይቆጠር ሒሳቡ ከተዛባ ቆይቷል።

የአገሩ ክብር ነጭ ግድግዳ ነው። የቤተ መንግሥቱ ግንብ በኖራ ይቀባል፤ ሹማምንቱም ቤታቸውን በኖራ ያስቀባሉ። ጭሱ ግድግዳውን ያጠቁረዋል። የጠቆረውን ለማንጣት ኖራ ያስፈልጋል፤ ኖራ ለማግኘት እቶን ይጨመራል፤ የተጨመረው እቶን ደግሞ ይጨሳል። ይህን ሒሳብ በጣት መሥራት ይቻል ነበር። ዳሩ ግን የአገሩ ሹማምንት ጣት የሚፈልጉት ለቀለበት ብቻ ነበር።

የንጉሡ አያት ሞኝ አልነበሩም። የመጀመሪያውን እቶን ያስለኮሱ ዕለት አንድ ነጭ ሸማ በኮረብታው ራስ ላይ አሰቀሉ። ነፋስ እንጂ ዝናብ እንዳያገኘው ከላዩ ትንሽ የሣር ክዳን አሠሩለት። ከዚያም በሕዝቡ ፊት ማሉ፦ «ይህ ሸማ ነጭ እስከሆነ ድረስ እሳቱ ይንደድ። የጠቆረ ዕለት ግን እሳቱ ይጥፋ።» ሸማው ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ከርሞ በጳጉሜን ወረደ፤ በምትኩ አዲስ ተሰቀለ፤ የወረደው ሸማ ቤት በሚባል አዳራሽ ተቀመጠ። ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ተቋርጦ አያውቅም። ያ ሁሉ ሸማ ተጣጥፎ፣ ተራ ይዞ ተቀምጧል። የአገሩ አየር ታሪክ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ገብቶ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

እኚህ አያት ከሞቱ በኋላ ሹማምንቱ «ነጭ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ሦስት ክረምት ተከራከሩ። ክርክሩ ሲሰለቻቸው አንድ ሕግ አወጡ። ሸማ ነጭ የሚባለው ከአምናው ያልተለየ እንደሆነ ነው አሉ። ከካቻምናው ጋር ማስተያየት ያለፈውን ዘመን እንደ ማወክ ተቆጥሮ ተከለከለ። ስለዚህ በየዓመቱ በጳጉሜን መጨረሻ ሁለት ሸማዎች በአደባባይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ሊቀ ነጭ የሚባሉት ሹም በመካከላቸው ይቆሙና በቀኝ ዓይናቸው አምናን፣ በግራ ዓይናቸው ዘንድሮን ያያሉ። ሁለቱን ዓይን ባንድ ጊዜ መግለጥ በሹመቱ ደንብ ነውር ነው። አይተው ሲያበቁ «እንደ አምናው!» ብለው ይጮኻሉ። ነጋሪት ይመታል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ እሳቱም ይነድዳል።

እውነትም እንደ አምናው ነበር። አምናም እንደ ካቻምናው ነበር። በየዓመቱ የሚጨመረው ጥቁረት ከአንድ የምድጃ ጭስ አይበልጥም። ጥጡም ቢሆን ገና ከፍሬው ሲፈነዳ አመድ መልበስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር፤ ልጆቹ ጥጥ ተፈጥሮው አመድማ ነው ብለው ያድጋሉ። ልጅ ሳሉ ነጭ ጥጥ የለቀሙ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ግን በዚያ አገር ሽማግሌ አይበረክትም።

ከበረከቱት አንዱ ሻረው ነው። ሲወለድ ያገኘው ሀብት ጀርባው ብቻ ነበር። በዚያ ጀርባ የኖራ ከረጢት ተሸክሞ አንዲት አህያ ገዛ፤ በአህያዋ ሌሎች አህዮች፣ በአህዮቹ ደግሞ የሸማ ሱቅ። በኮረብታው ላይ የሚሰቀለውንም ሸማ የሚያቀርበው እሱ ነበር። እጁ ሥራ ሲፈታ መቁጠር ይወዳል፤ የሚያልፈውን ፍየል፣ የጎረቤቱን የጣራ ወራጅ፣ ቄሱ በስብከት መሐል የሚያዛጉትን። አሁን አሁን ግን የሚቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የሚስቱን ትንፋሽ።

ይመኙሻል ድሮ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ የምትሳደብ፣ ዳገቱ ሲያልቅም ስድብ የሚተርፋት ሴት ነበረች። ዛሬ አንዱን ስድብ ለመጨረስ መሐል ላይ ማረፍ አለባት። ጋደም ካለች ደረቷ ስለሚዘጋ ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው።

«ተራራውን ተሻግረን ማዶ እንሂድ» ይላታል ሻረው።

«ማዶ ማን አለኝ?»

«አየር አለ።»

«አየር ዘመድ ነው? ስታመም ይጠይቀኛል? ስሞት ይቀብረኛል?»

«አንቺ ሴት፣ እኔ እንድትሞቺ አይደለም የማወራው!»

«እንግዲያው ዝም በል፤ ትንፋሼን አታስጨርሰኝ።»

በዚህ መካከል አዋጅ ወጣ። የዘንድሮው ሸማ «እንደ አምናው» የተባለ እንደሆነ ዐሥር አዳዲስ እቶኖች ይሠራሉ። ቦታውም የነፋሱ በር ነው፤ ከሻረው ሰፈር በላይ። ሻረው ተቀምጦ አሰበ። አርባ አንዱ ይህን ካደረጋት ሃምሳ አንዱ ከርሞን አያሳያትም። ጋቢውን ለብሶ ተነሣና ወደ ሊቀ ነጭ እንግዳሸት ቤት ሄደ።

ሊቀ ነጭ እንግዳሸት ጥምጥማቸውን ጠዋት ጠዋት ኖራ ያስነሰንሱበታል። ባስነጠሱ ቁጥር ክፍሉ ደመና ይሆናል፤ እንግዳውም ደመናው እስኪወርድ ድረስ መጠበቅ አለበት።

«ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ሸማ ዛሬም አለ?» አለ ሻረው።

«የት ይሄዳል! አለ እንጂ።»

«ልናየው እንችላለን?»

«አይቻልም።»

«ለምን?»

«ታይቶ አያውቅማ።»

«ከዘንድሮው ጎን ብናቆመውስ?»

ሊቀ ነጭ ክፉኛ አስነጠሱ። ደመናው እስኪወርድ ሻረው ጠበቀ።

«አያ ሻረው፣ ካቻምና እንኳ የማይፈቀድበት ነገር ነው እኮ!» አሉ። «የእኛ ሥራ የአየሩን ሁኔታ ማየት ነው፤ የአየሩን ታሪክ አይደለም። ታሪክ ራሱን የቻለ ሹመት ነው።»

«ታዲያ የታሪክ ሹሙ ማን ናቸው?»

«ሞተዋል።»

«በምን?»

«በሳል። ምትክ ገና አልተሾመም።»

ሻረው ጥርሱን ነከሰ። ስንት ዘመን ከሹም ጋር ሲገበያይ የኖረ ሰው ነው፤ ሕግ ሲጠይቋቸው በር የሚዘጉ ሰዎች ድግስ ሲሏቸው ራሳቸው እንደሚከፍቱት ያውቃል። ድምፁን አለሰለሰ።

«እኔስ ለማስተያየት አይደለም። የንጉሣችን አያት የሰቀሉት ሸማ ዘንድሮ ስድሳ ዓመት ሞላው። ልደቱ ሳይከበር ሊያልፍ ነው ብዬ አዝኜ ነው። ዘንድሮ የወረደው ታናሽ ወንድሙ ከጎኑ ቢቆም ድምቀት ይሆናል። በሬ እኔ አቀርባለሁ።»

«ምን ዓይነት በሬ?»

«የሰባ።»

«አንድ?»

«ሁለት።»

ሊቀ ነጭ ሽበታም ጢማቸውን አሻሹ። «ልደትን የሚከለክል ሕግማ የለም» አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ይመኙሻል እቤት ቆዪ ብትባል እንቢ አለች። በበቅሎ ተጭና፣ ሁለት ጎረቤቶች ከግራና ቀኝ ደግፈዋት አደባባይ ወጣች። ንጉሡ በዙፋናቸው ተቀመጡ። የዘንድሮው ሸማ ተሰቀለ። ቀጥሎ የሸማ ቤቱ ጠባቂ አንድ የዝግባ ሣጥን በራሱ ተሸክሞ መጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ የመጀመሪያውን ሸማ አወጣና ዘረጋው።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያ አገር ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር ነጭ ጨርቅ ያየ አልነበረም፤ ጨርቅ እንዲህ ሊነጣ እንደሚችልም ያሰበ የለም። ከጎኑ የተሰቀለው የዘንድሮው ሸማ ምድጃ የተወለወለበት ጨርቅ መሰለ። የነጋሪት መቺው እጅ ሽቅብ እንደተነሣ ቀረ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አየችና ቀስ ብላ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ወሸቀችው። በቃ፣ አለ ሻረው በሆዱ፤ አሁንስ ማንም ይገባዋል፣ ዓይን ላለው ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ንጉሡ ገና ወጣት ነበሩ። ከዙፋናቸው ወደፊት አዘንብለው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይህ ምን ሆኖ ነው?»

ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ጥቁሩ አልነበረም፤ ወደ ነጩ ነበር።

ሊቀ ነጭ እንግዳሸት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ዓይናቸውን ባንድ ላይ ገልጠው ቆመዋል። ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ወደ ጢማቸው ሄደ፤ ጢማቸውን ያዝ አድርገው አዩት፤ ሸማውን አዩት፤ ፊታቸው በራ።

«ጃንሆይ፣ ሸብቷል።»

«ሸብቷል?»

«ስድሳ ዓመት ሆነው እኮ! ሰው በስድሳ ዓመቱ ይሸብት የለ? ሸማም እንደዚሁ ነው። በወጣትነቱ እንደ ዘንድሮው እንደዚህ ያማረ ጥቁር ነበር። ዕድሜ ነው ያነጣው።»

አደባባዩ ሁሉ እፎይ አለ። «እውነት ነው!» አለ አንዱ፤ «አባቴም እንዲሁ ነበር የነጣው።» «የኔም አጎት!» አለ ሌላው። «ዕድሜ የማያደርገው የለም» ብለው ተደነቁ። ሴትዮዋም ነጠላዋን ከብብቷ አውጥታ መልሳ ለበሰችው።

ሻረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ይመኙሻል ከበቅሎው ላይ ሆና «እናንተ ጉድ የፈላባችሁ፣ ዓይናችሁን ጭስ» ብላ ጀመረች፤ የስድቡ ግማሽ ወጣ፣ ግማሹን ሳል በላው።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አላት አጠገቧ የቆመው ዘበኛ።

«እየሸበትኩ ነው!» አለችው።

ሻረው ግን በንግድ ያደገ ሰው ነው። የማይፈልገውን ዕቃ በግድ ከሸጡለት ያንኑ ዕቃ መልሶ ለሻጩ መሸጥ ያውቃል። ሕዝቡን ሰንጥቆ ወጣና እጅ ነሣ።

«ጃንሆይ፣ የሊቀ ነጭ ፍርድ ትክክል ነው። ሸማ ሲያረጅ ይሸብታል። ነገር ግን የአያትዎ መሐላ፣ ሸማው ነጭ እስከሆነ ድረስ እሳቱ ይንደድ ይላል። ይህ የዘንድሮው፣ ሊቀ ነጭ እንዳሉት፣ ገና ወጣት ነው፤ አልነጣም። የነደደው ነድዷል፤ አዲስ እሳት ለመጨመር ግን እስኪሸብት መጠበቅ የለብንም?»

ንጉሡ ሣቁ። ነገር ሲገጥም ደስ ይላቸዋል። «ልክ ነው!» አሉ። «ይህ ሸማ እስኪሸብት ዐሥሩ እቶኖች ይቆዩ። ወደ ኮረብታው ይመለስና ይጠበቅ።»

የሊቀ ነጭ ፊት ከጥምጥማቸው የበለጠ ነጣ። ስለዚያ ቀን ሌላ የሚነገር የለም፤ በሬዎቹ ታርደው ተበሉ።

ማታ ይመኙሻል ትራሷን ተደግፋ፣ «እና አሁን ስንት ዓመት ተሰጠን?» አለች።

«ስድሳ።»

«አይበዛብኝም?»

«የተረፈሽን ለጎረቤት ትሰጫለሽ።»

ሣቀች፤ ሣቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ግን ያን ዕለት ቶሎ ለቀቃት። ሻረው በሆዱ ለካስ ሰው ሞኝነትንም አውቆ ከያዘው ይጠቀምበታል ብሎ ተኛ።

የመስቀል ደመራ አመዱ ሳይበርድ ነጋሪት ተመታ። ሰው «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያለ ወደ ኮረብታው ሮጠ። ሻረውም እያለከለከ ወጣ። ሸማው ከምሰሶው ላይ እንደ ጣውላ ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኗል። ነፋስ በነካው ቁጥር ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይራገፋል። ከምሰሶው ሥር አንድ ባልዲና አንድ የግድግዳ መቀቢያ ብሩሽ ተቀምጧል። ለመደበቅ የተቸገረ ሰው እንኳ አልነበረም።

«ሸበተ!» እያሉ ይጮኻሉ ሊቀ ነጭ እንግዳሸት።

«በሁለት ሳምንት?» አለ ሻረው።

«በሐሳብ ብዛት ነው፣ አያ ሻረው። የአገር ጉዳይ ከብዶበት ነው። ሐሳብ የበዛበት ሰውም ያለ ዕድሜው ይሸብት የለ?»

ሻረው ሄዶ ሸማውን ነካው። ጣቶቹን ወደ ላይ አንሥቶ ለሰው ሁሉ አሳየ። «ይህ ኖራ ነው! እኔ ስሸከመው የኖርኩት ኖራ ነው!»

«ኖራ ነው ያለው ማን ነው?»

«እጄ ነዋ!»

«እጅዎ በየትኛው አዋጅ ተሾመ?»

ሻረው ወደ ሕዝቡ ዞረ። የሚራገፈው ኖራ በሰዎቹ ትከሻና ራስ ላይ ይወርዳል። አንዱ ከትከሻው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገና ማጨብጨቡን ቀጠለ። አንዲት ሴት ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት በነጠላዋ ጫፍ እያሸች እልል አለች። ያየ አልጠፋም፤ ሁሉም አይቷል። ሻረው ንግግሩን ተወው። የሚያስረዳው ሰው አጣ፤ የማያውቅ አልነበረምና። በዚያኑ ዕለት በነፋሱ በር ላይ ዐሥሩ እቶኖች ተለኮሱ። ለካ ተሠርተው አልቀው የሚጠብቁት ክብሪት ብቻ ኖሯል።

እቤት ሲደርስ ይመኙሻል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጭሱ ሲወርድ ታያለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«አህያህን ጫን» አለችው።

«ማዶ ማን አለሽ?»

«አየር አለ አላልከኝም? እሱው ዘመድ ይሁነኝ።»

ቤቱንም ሱቁንም እንዲሁ ዘግተው ወጡ። ወደ ተራራው በሚያወጣው ኬላ ላይ ሕግ አለ፤ የሚወጣ ሰው ምክንያቱን ይናገራል። «በጭሱ ምክንያት» ማለት ግን አይቻልም። ጭሱ እንደ አምናው ስለሆነ፣ አምና ያላስወጣ ነገር ዘንድሮ ሊያስወጣ አይችልም ተብሎ ተወስኗል።

«ለምንድን ነው የምትወጡት?» አለ ዘበኛው።

«ልንስል» አለች ይመኙሻል።

«ሳልማ እዚህም አለ።»

«የዚህን ጨርሰነዋል፣ ልጄ።»

ዘበኛው ሊስቅ ሲል ራሱ ሳል ያዘው። ጎንበስ ብሎ እየሳለ በእጁ እለፉ አላቸው።

ዳገቱ ረጅም ነው። ሻረው አህያዋን ከፊት እየሳበ፣ ጆሮውን ከኋላ ጥሎ፣ የሚስቱን ትንፋሽ እየቆጠረ ወጣ። ትንፋሿ እንደ አሮጌ ወናፍ እየጮኸ ይከተለዋል። አንዱን መታጠፊያ አለፉ፤ ጭሱ ከእግራቸው ሥር ቀረ፤ ሌላውን አለፉ፤ ሰማይ የሚባለው ነገር ታየ። ከጫፉ ሊደርሱ ሲሉ ሻረው ቆጠራው ጠፋበት። የሚቆጠር ነገር አልሰማም። ለመዞር ድፍረት እስኪያገኝ የአህያዋን ልጓም ይዞ ቆመ። ከዚያ ዞረ።

ይመኙሻል በአህያዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታየዋለች። ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለችው፤ «አለሁ። ንዳ ይልቅ፣ አንተ ዘገምተኛ፣ በዚህ አካሄድህ ማዶ ለመድረስ ስድሳ ዓመት የሚበቃህም አልመሰለኝ።»

ሻረው ልብ ብሎ ሰማ። ስድቡን ሳታርፍ ጨርሳዋለች። እንባው መጣ፤ ፀሐይ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ከተራራው ማዶ ቁልቁለቱ ሥር አንድ የውሃ ጉድጓድ አለ። ሦስት ሴቶች ውሃ እየቀዱ ነበር፤ የለበሱት ነጠላ ያ ከሣጥን የወጣውን ሸማ ይመስላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አመድማ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጠቁረው፣ ተጎሳቁለው ሲመጡ ሲያዩ ገመዱን ለቀቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተቀበሏቸው።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለች ታላቅየዋ። «የማን ሐዘን ነው? ማን ሞተባችሁ?»

ሻረው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ከየት ይጀምር? ከግድግዳው? ከመሐላው? ከሊቀ ነጭ ጢም? ሁሉን ነገር በቅደም ተከተል መናገር የሚወድ ሰው ጫፉን አጣው። ይመኙሻል ቀደመችው።

«አልሞተብንም እህቴ። አገራችን ነው፤ ታሟል።»

«ወይ ጉድ!» አለች ሴትዮዋ፤ ቅር አላት። «ታዲያ በሽተኛ ጥሎ ይመጣል? ማስታመም የለም? መድኃኒት መፈለግ የለም?»

ይመኙሻል ንጹሑን አየር እስከ ደረቷ ጥግ ድረስ ስባ ቀስ ብላ አወጣችው።

«ምን እናድርግ፣ እህቴ» አለች፤ «ደህና ነኝ ይላል።»